ሐላልም የጾምም

ወንድሜ ከዱባይ ደውሎ «አዲስ ዕቃ ልልክልሽ ነው» ባለኝ ቁጥር እሰጋለሁ። ከዚህ በፊት የላከው አዲስ ዕቃ የፀሐይ መነጽር ነበር። አሰላ ላይ፣ በሐምሌ፣ የጭላሎ ተራራ ለሳምንት ያህል ፊቱን በማያሳይበት ወቅት፣ የፀሐይ መነጽር! የተረፈው እስካሁን ጓዳ ውስጥ አለ፤ የሚፈልግ ካለ በነጻ እሰጣለሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን «ፍራፍሬ ነው» አለኝ።

«ፍራፍሬ እዚህም አለ» አልኩት።

«ይሄኛው አይበላሽም። ዓመት ቢቀመጥ ያው ነው።»

«የማይበላሽ ፍራፍሬ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ሳቅኩበት። ከዚያ በኋላ ለወራት ይህንኑ ጥያቄ ከየደንበኛው አፍ እየሰማሁ መልስ ስፈልግ ከረምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ የሚሠራበት ድርጅት የታሸገ ምግብ እየገዛ ወደ ሌሎች አገሮች ይልካል። አለቃው የኢትዮጵያን ገበያ መሞከር አማረው። አዲስ አበባ ላይ ፈቃድ ያለው አስመጪ ተገኘ፤ ዕቃው በጅቡቲ ገብቶ እሱ ዘንድ ይራገፋል፣ ከዚያ በየአካባቢው የሚያከፋፍል ሰው ያስፈልጋል። ለአርሲ ማን ይሁን ሲባል ወንድሜ የእኔን ስም ሰጠ። እኔ ደግሞ ብቻዬን የምሠራው ሥራ የለኝም፤ ሱቁ የሁለታችን ነው፣ የእኔና የሸሪኬ።

ሸሪኬ ጎረቤቴም ናት። የእነሱ ቤት ክርስቲያን፣ የእኛ ቤት ሙስሊም ነው፤ በመሀላችን ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው፣ እሱም በር አለው። እሷ ረጋ ያለች፣ የተጻፈ ነገር ሳታነብ የማታልፍ ሴት ናት። እኔ ቶሎ እነድዳለሁ፣ ቶሎ እበርዳለሁ። እናቷን እማማ እላቸዋለሁ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ፀጉሬን እየጎነጎኑ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሲቆጡኝ በአማርኛ ነው፣ ሲያባብሉኝ በኦሮምኛ፤ «ኢንተለ ኮ» ካሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነውና፣ ቁጣው አልፏል ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ በሕይወቴ ከእማማ ቤት አንዲት ቁራጭ ሥጋ በልቼ አላውቅም፤ እሳቸውም ከእኛ ቤት። ለእንግዳ ሰው ግር ይለው ይሆናል፣ ለእኛ ግን ቀላል ነው። የእነሱን የክርስቲያን እጅ ያርደዋል፣ የእኛን የሙስሊም እጅ። እኔ ስዳር አባቴ ለክርስቲያን እንግዶች አንድ ሙክት ከነነፍሱ ጎትቶ እማማ ግቢ አሰረው፤ እነሱ አርደው፣ በራሳቸው ዕቃ ሠርተው፣ ለወገናቸው አቀረቡ። ማንም አልተቀየመም። ቅያሜ የሚመጣው እንደዚያ ሳይደረግ ቢቀር ነበር።

ዕቃው የመጣው በኅዳር ነው። ከፍራፍሬ ጭማቂ የተሠራ፣ ለስላሳ፣ የሚታኘክ ነገር ነው፤ በትንንሽ እሽግ ሆኖ፣ ሽፋኑ ላይ ማንጎ፣ እንጆሪና ብርቱካን ተስሎበታል። ሰዉ ወዲያው «ጄሊ» አለው፣ እኛም ጄሊ አልነው። የወንድሜ አለቃ አደራ ብሎ ያስላከው መልእክት «ሙቀት እንዳይነካው፣ ይቀልጣል» የሚል ነበር። አሰላ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አስቡት። በኅዳር ንጋት ጄሊያችን ከመቅለጥ ይልቅ ጠጥሮ ጥርስ የሚፈትን ሆነ። የመጀመሪያው ደንበኛ አንዱን ነክሶ፣ አውጥቶ አየውና «ይሄ የሚበላው ነው ወይስ የሚጣበቀው?» አለኝ።

መላ ያመጣችው ሸሪኬ ናት። ለማስቀመስ የምንከፍተውን እሽግ ጠዋት ጠዋት ከሹራቧ ሥር በብብቷ ትይዘዋለች፤ ደንበኛ ሲመጣ ለስልሶ ይወጣል። ከየት እንዳወጣችው ላለማሳየት ዞር ስትል እኔ በሳቅ እሞታለሁ። ለገዢው ደግሞ «ከመብላትዎ በፊት ኪስዎ ውስጥ ትንሽ ያቆዩት» እንለዋለን። አምራቹ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ፣ አሰላ ላይ ግን ዕቃውን ያሸጠው ኪስ ነው።

ገጠሬው አልተቀበለንም። ከጭላሎ ሥር የመጡ አንድ ሽማግሌ እሽጉን አገላብጠው አዩና «ስንት ጊዜ ይቆያል?» አሉ። ዓመት አልኳቸው። «እንግዲህ ትል እንኳ የናቀውን እኔ ልብላ?» ብለው አስቀመጡት። የገዛን ከተሜው ነው፤ የተማሪ እናት፣ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሽተኛ ጠያቂ። ሆስፒታል ባዶ እጅ አይገባም፤ ብርቱካን ይከብዳል፣ ሙዝ ይጠቁራል፣ የእኛ ጄሊ ግን በእጅ ቦርሳ ይገባል።

ከመግዛታችን በፊት ሁለታችንም የየራሳችንን ጥያቄ ጠይቀናል። እኔ ወንድሜን «ሐላል ነው?» አልኩት፤ «ምልክቱ አለበት፣ ዐሳማ አጠገቡ አልደረሰም» አለኝ። ለእኔ ጉዳዩ እዚያ አለቀ። ሸሪኬ እሽጉን ወደ ብርሃን አዙራ ጀርባውን አነበበች፤ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ጀላቲን የሚል ቃል አጋጥሟት ነበር፤ ጄሊ የሚያደርገው ነገር ይሆናል ብላ አለፈችው። ለእሷም እዚያ አለቀ። ከዚያ በካርቶን ክዳን ላይ እኔ «ሐላል»፣ እሷ «የጾም» ብለን ጽፈን፣ ሁለቱን ክዳኖች ጎን ለጎን መደርደሪያው ላይ ለጠፍን። በዚያ ክዳን ኮርተን ነበር። የአሰላን ሰው ሁሉ በአንድ ከረሜላ አስተናገድን ብለን።

ጥምቀት እንዳለፈ እማማ ታመሙ። ሆስፒታል ሰነበቱ፤ ሲወጡ በሽታው ቢለቃቸውም እህል አልወርድ አላቸው። ፊት ጉሮሯቸው ነበር እምቢ ያለው፣ በኋላ ራሳቸውም እምቢ አሉ። ሸሪኬ ያልሠራችላቸው ነገር የለም። ሐኪሙ «እንደምንም ይብሉ፣ ካልበሉ አይቆዩም» ብሎ ነበር የሸኛት። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስገባ ያንኑ ጄሊ ይዤ ገባሁ፤ ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ነው እንጂ ይበሉታል ብዬ አይደለም። ጥርስ የላቸውምና አንዱን አፋቸው ውስጥ አድርገው ያዙት። ቀለጠላቸው። ዓይናቸውን ገለጡና «ሌላ አለሽ?» አሉኝ። ከታመሙ ጀምሮ የሚበላ ነገር ሲጠይቁ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ሸሪኬ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፣ እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ጄሊ ዋና ምግባቸው ሆነ። ከሱ ጋር አንዳንዴ ትንሽ ሾርባ ይወርዳል፤ ያለ እሱ ግን ምንም። ፊታቸው ደም መሰለ። ተነስተው መስኮቱ ሥር መቀመጥ ጀመሩ።

ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ገቡ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ጾመኞች ከረሜላ እንሸጣለን። የእማማ የንስሐ አባት «ሕመምተኛ አይጾምም፣ እኔ ፈትቼዎታለሁ» ቢሏቸው «እግዚአብሔር ያክብርልኝ» ብለው፣ እጃቸውን ስመው፣ ጾሙን ያዙ። ይባስ ብለው እኔን መጠበቅ አመጡ። «አንቺ ሳታፈጥሪ እኔ ብበላ አይወርድልኝም» አሉኝ። ስለዚህ ማታ ማታ በአጥሩ በር ገብቼ ከአልጋቸው አጠገብ እቀመጣለሁ፤ አዛን ሲል እኔ በተምር፣ እሳቸው በጄሊ እናፈጥራለን። አንዳንዴ ከሳቸው ድርሻ አንዱን በግድ ያጎርሱኛል። ከዓመቱ የምወደው ሰዓት ያ ሆኖ ነበር።

የረመዳን እኩሌታ ላይ፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ሁሩታ ላይ ሱቅ ያላት አንዲት ደንበኛችን መጣች። ለዒድ ብዙ ልትወስድ ፈልጋለች፣ ግን ጥንቁቅ ሴት ናት። «ምልክቱንማ ማንም ያትመዋል፤ ውስጡ ምን እንዳለ አጣሪልኝ» አለች። በረመዳን ከሰዓት በኋላ እኔን «አጣሪ» ማለት መዳፈር ነው፤ ቢሆንም ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እጄ ስኳር እየመዘነ ስለነበር ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አትስጊ በያት!» አለ ወንድሜ፣ ደስ ብሎት። «ጀላቲኑ ከበሬ ቆዳና አጥንት የተቀቀለ ነው። በሬውም በቢስሚላህ የታረደ ነው፤ የእርዱ ማረጋገጫ ወረቀት እጄ ላይ አለ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሁሩታዋ ሴት «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ካርቶኖቹን መቁጠር ጀመረች። ሸሪኬ ከመደርደሪያው በኩል «የምን በሬ?» አለች።

ወንድሜ ድምፅዋን ሲሰማ ሰላምታ ጀመረ፣ እናቷን ጠየቀ። እሷ ግን «የምን በሬ?» እያለች ትደግማለች። ደንበኛዋ የምትፈልገውን ይዛ፣ መርቃን ወጣች። ሸሪኬ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ተነስታ «የጾም» የሚለውን ክዳን ገንጥላ አጠፈችውና እንደገና ተቀመጠች። በሁዳዴ መካከል፣ የከተማውን ጾመኛ ሁሉ ሥጋ አብልተነዋል፤ ያውም በሌላ እጅ የታረደ። ሁለታችንም የምናስበው ግን ስለ ከተማው አልነበረም።

«ለደንበኞቹ እንነግራለን» አለች በመጨረሻ። «ለእናቴ ግን አትነግሪያትም። እስከ ፋሲካ።»

«እንዴት አልነግራቸውም?»

«ካወቀች አፏን ትዘጋለች። ከዚህ ሌላ ምን ትበላለች? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን?»

«እኔን ዐሳማ አብልተሽኝ ዝም ብትዪ ምን እልሽ ነበር?»

«አንቺ ጤነኛ ነሽ» አለች። «እሷ ጾም አፍርሳ ትኑርልኝ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ከነገሩ ጾም እደሩ ሲባል አልሰማሽም?»

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ፊቷን አየሁት። ሐኪሙ ያላትን ነበር የምታስበው። እናቷን ቀብራ ጾማቸውን ብታስከብር ምን ይጠቅማታል? አፌን መልሼ ዘጋሁት። ዝም ማለቴ ግን መስማማት አልነበረም፤ እሷም አውቃለች።

በማግስቱ ጄሊውን ወደሚሸጡልን ነጋዴዎች፣ ወደ አርሲ ሮቤ፣ እዚያ አድሬም ወደ ጎበሳ ሄድኩ። በስልክ መንገር ይቻል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በስልክ ከተነገረ ማምለጥ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ማታ እማማ አጠገብ ከመቀመጥ መሸሼም ነበር። ሮቤ ያለው ነጋዴ ከት ብሎ ሳቀ፤ «ሥጋ መሆኑን ባውቅማ ጥሬውን ለቁርጥ አቀርበው ነበር» አለኝ። ቆይቶ ሳቁ ጠፋና ሚስቱን ጠርቶ ለልጆቹ ሰጥታ እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷም ሰጥታ ነበር። ካርቶኑን ራሴ አንስቼ ወጣሁ።

ጎበሳ ላይ የምትሸጥልን ሴት መደቧ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ነው። ስነግራት የቀረውን ጄሊ ሰብስባ መንገዱን ተሻግራ ለሙስሊሟ ባለመደብ ሰጠቻት፣ ተመልሳ በጀሪካን ውሃ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ለእኔ የምቀመጥበት ዱካ አወጣችልኝ።

«እናቴም ስትበላው ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።»

«አይከብድሽም?»

«ይከብዳል እንጂ። ግን ጾሙ የእሷ ነው።»

ምንም ብልሃት የለውም አነጋገሯ፤ ሽንኩርት እየደረደረች ነው ያለችው። እኔ ግን ከጎበሳ እስከ አሰላ ሚኒባስ ውስጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ሁለት ሴቶች ተጨቃጭቀን፣ አንዳችን ለነፍሳቸው ሌላችን ለሥጋቸው ተሟግተን፣ ጾሙ የማን እንደሆነ ረስተን ነበር።

አሰላ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ቤቴ ሳልገባ በአጥሩ በር አለፍኩ። እማማ መስኮቱ ሥር ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፣ እሽጉ ጭናቸው ላይ ነው።

«ጠፋሽ» አሉኝ። «ትናንት ብቻዬን አልወርድ ብሎኝ አደርኩ።»

አዛን አለ። ተምሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እሳቸው እሽጉን ቀደው፣ አንዱን በሁለት ጣት ይዘው ወደ አፋቸው ሲያነሱ እጃቸውን ያዝኩት። ከአጥንት በቀር ምንም የሌለው እጅ ነው።

«እማማ፣ ይቅር። ለጾም አይሆንም። ውስጡ የበሬ ነገር አለበት፤ እኛም አላወቅንም ነበር።»

እጃቸውን አልነጠቁኝም። «የማን እጅ ያረደው?» አሉ።

«የእኛ።»

ጄሊውን ወደ እሽጉ መለሱት። ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ አንድ በአንድ። «ልጄ ታውቃለች?» አሉኝ። ሸሪኬ የውሃ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አውቃለሁ እማዬ» አለች ራሷ። «ከሰኞ ጀምሮ።»

እማማ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ጋደም አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሂዱልኝ» አሉ፤ ለሁለታችንም ነው።

አጥሩ በር ላይ ሸሪኬ ክንዴን ይዛ «እናቴ ብትሞት በአንቺ ነው» አለችኝ። ልክ ልትሆን ትችላለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ተምሩ በእጄ እንዳለ ቤቴ ደረስኩ።

እማማ በማግስቱ ከጸበል በቀር ምንም አልቀመሱም። የንስሐ አባታቸው መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና «ባለማወቅ የተደረገ ነው፣ አይቆጠርብዎትም» አሏቸው። «ለእርስዎ አይቆጠር ይሆናል አባ፣ ጉሮሮዬ ግን ቆጥሮታል» ብለው መለሱ። የባሰው ግን ሌላ ነበር። ሸሪኬ የምስር ሾርባ አቀረበችላቸው፤ «ውስጡ ምን አለ?» አሏት። ምስር፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ብላ ማለች። መሐላዋን ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጠዋትም ከሰዓትም እንደዚያው ነው። ዐርባ ዓመት ያበሏት ልጅ እናቷን ማብላት ሲያቅታት ማየት እንዴት እንደሚያም እኔ አየሁት። እሷ እኔን አታናግረኝም፣ እናቷ እሷን አያናግሯትም፤ ሱቁም ሳይከፈት ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጣሁ። ድስት ገዛሁ፣ አዲስ፣ ከነወረቀቱ። ድስቱን እኛ ግቢ አላስገባሁትም፤ በቀጥታ በውጭው በር ወደ እማማ ቤት ወሰድኩት። ከራሳቸው ጎተራ ገብስ ዘግኜ፣ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በራሳቸው ከሰል ምድጃ ላይ አጥሚት ሠራሁ። ሸሪኬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ አትረዳኝም፣ አትከለክለኝምም። ሲበስል በኩባያ ቀዳሁና ገባሁ።

«አጥሚት ነው እማማ።»

«ወልጃለሁ እንዴ?» አሉ ከግድግዳው ሳይዞሩ። ማሾፋቸው ተስፋ ሰጠኝ። ቆይተው ቀስ ብለው ዞሩ።

«ድስቱ?»

«ዛሬ የተገዛ ነው። ሥጋ የሚባል አያውቅም፣ የእኛ ቤትም አልገባም።»

«ገብሱ?»

«ከጎተራዎ።»

«ውሃው?»

«ከቧንቧዎ።»

«እጁስ?»

ይህን አልጠበቅኩም ነበር። «እጁ የእኔ ነው» አልኩ።

ኩባያውን ሳይሆን እጄን ያዙት። መዳፌን ገልብጠው አዩት፤ ከሰል ጠቁሮበታል። «ያን ዕለት ያስቆመኝ እጅ ነው» አሉና አፋቸውን ከፈቱ። በማንኪያ ሰጠኋቸው። ወረደ። ሁለተኛውንም ሰጠኋቸው፣ ወረደ። ሦስተኛው ላይ ፊታቸውን ኮምጠጥ አደረጉና «ጨው የለውም» አሉ።

«እየጾምኩ በምን ልቅመሰው?»

«ኢንተለ ኮ» አሉ። ኩባያው ሲጋመስ ግን ማንኪያውን በእጃቸው መለሱት። «ለእሷ ስጫት» አሉኝ።

«ለማን?»

«ለልጄ ነዋ። እኔ ካቆምኩ ጀምሮ እሷም እህል አልቀመሰችም። ፊቴን ወደ ግድግዳ ባዞርም ጆሮዬ ቤት ውስጥ ነው፤ ሳህን ሲነካ አልሰማሁም።»

ሸሪኬ ከበረንዳው ሰምታ ነበር። ገባች፣ ወደ አልጋው ግን መቅረብ ፈርታ በሩ ጋ ቆመች። በሌላ ኩባያ ቀድቼ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በአንድ ትንፋሽ ልትጨርሰው አፏ ላይ ደፋችው። እማማ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ቀስ በዪ ልጄ» አሏት፣ «ይፋጃል።»